ያላለቀው ዲስክ

ከሸለቆው መግቢያ ላይ ያለችውን የብየዳ ቤት የማያውቅ ብስክሌት ነጂ የለም። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የበርሜል ክዳን ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ «ጎማ እንሞላለን፣ ብረት እንበይዳለን» የሚል ማስታወቂያ፣ ከበሩ ጎን አንድ አግዳሚ ወንበር፤ በቃ ይኸው ናት። እሁድ ጠዋት ግን ጉድ ነው! ጠባብ ሱሪ ያጠለቁ የከተማ ሰዎች ብስክሌታቸውን ከመኪናቸው ጀርባ እያወረዱ ይሰለፋሉ። ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ፒስታ መንገድ፣ በግራ ወንዝ፣ በቀኝ ገደል፣ አንድም መኪና ዝር የማይልበት። ሲመለሱ ፊታቸው በአቧራ ተለውሶ፣ ጥርሳቸው ብቻ እየታየ፣ ሁሉም የተማከሩ ይመስል አንድ ነገር ይናገራሉ።

«ታድለህ ጋሼ! ጡሩንባ የለ፣ ጭስ የለ። የጠጠሩ ኮሽታና የውሃው ድምፅ ብቻ!»

በያጁ «አሜን፣ ደህና ግቡ» ይልና ወደ ፓምፑ ይመለሳል። ምን ይበላቸው? ያ ጸጥታ ከየት እንደመጣ ላልጠየቀ ሰው መልስ አይሰጥም።

እኔ ግን ልንገራችሁ። መንገዱ ድሮ የገልባጭ መንገድ ነበር። ከወንዙ አሸዋ የሚጭኑ መኪኖች ቀኑን ሙሉ ይመላለሱበት ነበር። በያጁ ደግሞ አንድ ልጅ ነበረው፤ አንድ ለእናቱ የሚባል ዓይነት፣ የሰባት ዓመት፣ ጠጠር መሰብሰብ የሚወድ። የልጁ አጎት፣ ማለትም የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ የገልባጭ ሾፌር ነበር። እንዲያውም ቀርፋፋ ነው እያሉ ሌሎቹ ሾፌሮች ይስቁበት ነበር፤ «አንተ ከምትነዳ በሬ ቢጎትተው ይሻላል» ይሉታል። አንድ ቀን ልጁ «ከአጎቴ ጋር ካልሄድኩ» ብሎ አለቀሰ፤ ሄደ። አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ሾፌሩ ልጁን እዚያ አስቀምጦ «እንዳትነቃነቅ» አለውና መኪናውን ለማዞር ወደ ኋላ ሦስት ሜትር ሄደ። ሦስት ሜትር ብቻ! ልጁ ጠጠር አይቶ ከድንጋዩ ወርዶ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሾፌሩ መሪ ጨብጦ አያውቅም። በያጁ ግን ይህንን አልቆጠረለትም። ከቀብር በተመለሱ ማግስት ሚስቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወይ ባል አለሽ፣ ወይ ወንድም አለሽ። ምረጪ» አላት። ልጇን በቀበረች በማግስቱ! እሷም ተነሥታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። እሱ መረጠችኝ ብሎ ያዘው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በር ሲያንኳኳ ኖረ። መንገዱ ለመኪና ይዘጋልኝ ብሎ ያልገባበት ቢሮ፣ ያላስፈረመው ሰው የለም። ማን ሰምቶት! ኋላ ጎርፍ የሸለቆውን ማዶ ድልድይ ይዞ ሲሄድና መንገዱ መውጫ ሲያጣ፣ ሰሚ ተገኘ። አንድ ጡረተኛ መምህር ሰብሳቢ የሆነበት ኮሚቴ ተቋቋመና መንገዱ ለብስክሌትና ለእግረኛ ብቻ ተባለ። መግቢያው ላይ አንድ ምሰሶ እንዲያቆም የታዘዘውም በያጁ ነው፤ ሌላ ማን ይሠራዋል? የታዘዘው እንዲህ ነበር፦ ምሰሶው መሬት በተቀበረ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ በቁልፍ ይያዛል፤ የታመመ ሰው ቢኖር መምህሩ ቁልፉን ከፍቶ ምሰሶውን ይነቅልና አምቡላንስ ያልፋል።

በያጁ ምሰሶውን ከምን ሠራው መሰላችሁ? ከገልባጭ አክስል። ከወደቀ ገልባጭ የተፈታ፣ ጎማ የሚሸከም፣ ክንድ የሚያህል ድፍን ብረት። «መኪናን በመኪና አጥንት ነው የማስቆመው» አለ፤ ሰውም ሳቀለት። በመጀመሪያዎቹ ወራት አሸዋ ጫኞቹ ቁልፉን አስቀርጸው ሁለት ጊዜ ገቡ። በሁለተኛው ጊዜ በያጁ ለማንም ሳይናገር ገና ጎህ ሲቀድ ጄኔሬተሩን በጋሪ እየገፋ ሄደና አክስሉን ከቱቦው ጋር በየደው። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ከዚያ በግራይንደር አለስልሶ አረንጓዴ ቀለም ቀባው። ቁልፉ ይዞራል፤ ምሰሶው ግን እስከ ምጽአት ንቅንቅ አይልም። ሲያዩት ምንም የለም። ሙያውን አንወቅሰውም፤ ያን የመሰለ ብየዳ በሕይወቱ አልሠራም። ይህ ከሆነ አራት ዓመት አለፈው፤ ምሰሶውን ሊነቅል የሞከረ ሰው ስላልነበረ ማንም አላወቀም።

ሚስቱስ? ሚስቱ ከልጁ ሞት በኋላ ሰውነቷ አልቆ፣ ቃል ከአፏ የማይወጣ ሆና ነበር። ሐኪሙ «ትንቀሳቀስ» ሲል በያጁ ከአሮጌ ቱቦ ብስክሌት ሠራላት። ጠጠር የሚችል ወፍራም ጎማ አደረገለት፣ ሰማያዊ ቀባው፣ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ በግቢው ውስጥ እያሯሯጠ አስተማራት። ሄዳ ከአጥሩ ጋር ስትላተም ሳቀች። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር፤ ሰውየው ወደ ጓዳ ገብቶ አለቀሰ። እንግዲህ ክፉ ሰው ነው እንዳትሉኝ ነው ይህንን መንገሬ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትወጣለች፣ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ትመለሳለች። እሱ ከመግቢያው አልፎ አያውቅም፤ እግሩ እምቢ አለው።

«እዚያ ደርሰሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ አንድ ጊዜ ጠይቋት ነበር።

«እቀመጣለሁ» አለች።

ቅዳሜ ማታ ደግሞ የዲስክ ሳጥኑን የምታስተካክለው እሷ ናት። ግራይንደሩ ላይ የሚሰካው መቁረጫ ዲስክ ብረት በበላ ቁጥር ራሱም ይበላል፤ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል። እሷ ያነሱትን ለጠባብ ቦታ፣ መካከለኞቹን ለቀጭን ብረት፣ ትልልቆቹን ለከባድ ሥራ እየለየች በየሽቦው ትሰካለች። የተሰነጠቀ ዲስክ ሰው እንደሚያቆስል፣ በጥፍር ሲመቱት ደህናው ጥርት ብሎ እንደሚጮህ፣ የተሰነጠቀው እንደሚታፈን ያስተማራት ባሏ ነው። ኋላ ኋላ ከእሱ በልጣ፣ ደንበኛ እያለ «ይሄንን ጣለው» ትለዋለች።

ታዲያ አንድ እሁድ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አንድ ብስክሌት ነጂ ከሸለቆው እንደ እብድ እየጋለበ መጥቶ ብየዳ ቤቱ በር ላይ ወደቀ።

«ሰው ወድቋል! አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ደረቱን ይዞ! አምቡላንስ ደውለናል፤ ሴት አብራው አለች!»

በያጁ ፓምፑን ጣለው። «ሴት? ሰማያዊ ብስክሌት የያዘች?»

«አዎ፤ እሷ ደህና ናት። ሰውየው ነው።»

«ተመስገን» አለ በያጁ። ሰውየው ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ምን አገባው?

አምቡላንሱ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ደረሰ። መምህሩም ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ፣ ቁልፉን በእጁ ይዞ እየሮጠ መጣ። ቁልፉን ሰካ፣ ዞረለት። ሁለት ሆነው ምሰሶውን አቅፈው ሳቡት። አራት ሆነው ሳቡት።

«ዝጓል፣ እኔን አፈር ይብላኝ! አራት ዓመት ሳንሞክረው!» አለ መምህሩ።

ዝገት እንዳልሆነ የሚያውቅ በያጁ ብቻ ነበር። «ዞር በሉ!» አለና ሮጠ፤ ጄኔሬተሩን በጋሪ፣ ግራይንደሩን በትከሻው፣ አራት አዲስ ዲስኮች በኪሱ አድርጎ ተመለሰ። እስከዚያ ነርሷ ቆማ አልጠበቀችም፤ ከአንዱ ነጂ ብስክሌት ተቀብላ፣ ቦርሳዋን ጀርባዋ ላይ አዝላ በጠጠሩ ላይ ወደ ውስጥ ፈተለከች። ኦክስጅኑና ከባዱ መሣሪያ ግን መኪናው ውስጥ ነው፤ መኪናው ደግሞ ከምሰሶው ወዲህ ነው።

በያጁ መሬት ላይ ተንበርክኮ አክስሉን ከሥሩ መቁረጥ ጀመረ። እሳቱ ፊቱ ላይ ሲረጭ መነጽሩን እንኳ ያደረገው ዘግይቶ ነው። እውነት ለመናገር እንደዚያ ቀን ሠርቶ አያውቅም። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ «አይዞህ፣ አይዞህ» ይላል፤ ለማያውቀው ሰው። የመጀመሪያው ዲስክ አልቆ መዳፍ አከለ፤ ቀየረ። ሁለተኛውም አለቀ፤ ቀየረ። ቆመው የሚያዩት «ተባረክ! እጅህ ይባረክ!» ይሉታል። ሦስተኛውን ሰክቶ ጥቂት እንደቆረጠ፣ አክስሉ ከግማሽ በላይ ተበልቶ ሳለ፣ ወደ ሌላው ጎን ለመዞር ግራይንደሩን አጠፋ።

መምህሩ የአምቡላንሱን ስልክ ድምፁን ከፍቶ ይዞት ነበር። የነርሷ ድምፅ መጣ።

«ደርሻለሁ፤ ይተነፍሳል፣ ልቡ ግን እየደከመ ነው። መኪናው ይምጣ፣ አሁኑኑ ይምጣ!»

ከእሷ ኋላ ደግሞ አንዲት ሴት ትጮኻለች። «ወንድም ጋሼ! ወንድም ጋሼ፣ ዓይንህን ግለጥ! አድኑልኝ! ወንድሜን አድኑልኝ!»

በያጁ ግራይንደሩን እንደያዘ ቀረ። ያንን ድምፅ ሃያ ዓመት ያውቀዋል። «ወንድም ጋሼ» የምትለው ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። ለካ እሁድ እሁድ ከወንድሟ ጋር፣ ልጁ በሞተበት ድንጋይ ላይ፣ እሱ በሠራላት ብስክሌት፣ እሱ በዘጋላት መንገድ ላይ! ለካስ መረጠችኝ ብሎ የኖረው እሱ ብቻ ነው!

ልግደለው ብሎ አላሰበም። ይሞት ብሎም አላሰበም። ያሰበው ይህን ብቻ ነው፦ ልጄን ማንም አንድ ደቂቃ አልሰጠውም።

ከዚያም ዲስኩን መፍታት ጀመረ። ገና አዲስ ነበር፤ ጫፉ እንኳ በቅጡ አልተበላም። ብሎኑን ቀስ ብሎ ፈታ፣ ዲስኩን አውጥቶ ኪሱ ከተተ። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። አራተኛውን ዲስክ አወጣ፣ አገላብጦ አየው፣ አቧራውን እፍ አለበት፣ ሰካው። ብሎኑን አጠበቀ፤ ደግሞ ፈታና ደግሞ አጠበቀ።

«ምነው? ምን ሆነ?» አለ መምህሩ እግሩ መሬት አልረግጥ ብሎት።

«ዲስኩ ነው።»

ማን ይጠረጥራል? ሁለቴ ሲቀይር አይተውታል። ሰው የማያውቀውን ሥራ ሠሪው እንደነገረው ነው የሚያምነው። አምስት ደቂቃ ገደማ ሄደች። ከዚያ በያጁ ተንበረከከና እንደ መጀመሪያው ቆረጠ፤ አክስሉ ተገንድሶ ወደቀ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ አምቡላንሱ አቧራውን እያስነሣ ወደ ሸለቆው ገባ። በአራት ዓመት ውስጥ በዚያ መንገድ ላይ የሄደ መኪና እሱ ብቻ ነበር።

ሲመለስ ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው። መብራቱ ጠፍቷል፣ ሳይረኑ ጠፍቷል። መምህሩ አየና ኮፍያውን አወለቀ።

የበያጁ ሚስት ከአምቡላንሱ የኋላ በር ወረደች፤ ጉልበቷ ላይ ጠጠር ተሰግስጓል፣ ፀጉሯ ተበትኗል። በያጁ ስድቧን ጠበቀ። እሷ ግን መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። የተቃጠሉ ጣቶቹን ይዛ መሳም ጀመረች።

«አንተ ነህ አሉኝ የቆረጥከው! እጅህ እስኪቃጠል! ቂምህን ትተህ... ለእሱ ብለህ...» እንባዋ አላስጨርሳት አለ። እሱ ቆሞ ተሳመ። ምን ያድርግ?

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት ከባዶች ነበሩ፤ ያውም በምስጋና። መምህሩ ለሰው ሁሉ «ጠላቱን ለማዳን ብረት በጥርሱ የበላ ሰው» እያለ ያወራ ነበር። የሾፌሩ ሚስት ቤቱ ድረስ መጥታ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል በያጁ ወደ ጓሮ ሸሸ። ሐኪሙን ደግሞ ሚስቱ ጠይቃው ነበር፤ «ትንሽ ቀደም ብለው ቢደርሱ ኖሮስ?» «ምናልባት፤ ማን ያውቃል?» አላት። ይህንን ለባሏ ስትነግረው ለማጽናናት ነበር፤ «የቻልከውን አድርገሃል፤ የቀረው የእግዜር ነው» ብላ።

ቀናት ባለፉ ቁጥርም ምስጢሯን ሁሉ ዘረገፈችለት። አራት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ይገናኙ ነበር። ወንድሟ በሃምሳ ዓመቱ ብስክሌት የተማረው ለዚሁ ነው፤ መኪና ዳግመኛ አልነካም ስላለ። ብዙ አያወሩም፤ ጎን ለጎን እየነዱ ይሄዳሉ፣ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ፤ እሱ ከወንዙ ጠጠር ያነሣና ያስቀምጣል፤ ይመለሳሉ።

«ሁልጊዜ ስለ አንተ ይጠይቀኝ ነበር» አለች። «'ያ ሰው ሲስቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?' ይለኛል። ደብቄህ ስለነበር ይቅር በለኝ።»

«ግድ የለም» አለ በያጁ። ይቅርታ ተለማኝ ሆኖ ተቀምጦ «ግድ የለም»! ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው ይኸው ነው።

ኮሚቴው ሌላ ምሰሶ አዘዘው። የድሮውን ጉማጅ ከነቱቦው ቆፍሮ አውጥቶ፣ ብየዳውን ማንም ሳያይ ቆራርጦ ከአሮጌ ብረት ጋር ጣለው። አዲሱን በሚገባ ሠራ፤ ግሪስ ቀባው፤ በአንድ እጅ ይነቀላል። ቅዳሜ ከሰዓት ተክሎት፣ ሁለት ጊዜ ነቅሎ ሞክሮት፣ አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ተመለሰ።

ሚስቱ ብየዳ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣለች። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የዲስክ ሳጥኑን አውጥታ እያስተካከለች ነበር። በአንዱ ሽቦ ላይ መዳፍ የሚያካክሉ ሁለት ያለቁ ዲስኮች፣ ቀጥሎ አንድ ግማሹ የተበላ። አንዱ ግን በእጇ ነው።

«ይሄ በሥራ ልብስህ ኪስ ውስጥ ነበር» አለች። «የዚያን ቀን አራት ነው የወሰድከው። አራቱም እነዚህ ናቸው።»

በያጁ መሣሪያውን ከትከሻው አላወረደም። «እ...»

«ይሄ አላለቀም።»

«ተሰንጥቆ ነበር» አለ ቶሎ ብሎ።

ዲስኩን በመሃል ቀዳዳው በጣቷ አንጠለጠለችና በጥፍሯ መታችው። ጥርት ብሎ ጮኸ። ደግማ መታችው። ያስተማራት እሱ ነው።

«መምህሩ ነግሮኛል» አለች ዲስኩን እያየች። «'ሦስተኛው ዲስክ ነው ያዘገየን፤ አለቀና አምስት ደቂቃ በላብን' አለኝ። እኔም 'ምን ያድርግ፣ ብረቱ ድፍን ነው' አልኩት። አምስት ደቂቃ። አንተ እኮ ዲስክ የምትቀይረው እኔ ጎማ ሞልቼ ሳልጨርስ ነው።»

በያጁ መሣሪያውን ከትከሻው አውርዶ መሬት አስቀመጠ።

«ለምን?»

ሌላ ውሸት ፈለገ፤ አጣ። ወይም ደከመው። «ድምፅሽን ሰማሁ» አላት። «በስልኩ። ከነርሷ ኋላ።»

ወዲያው አልገባትም። ቀስ ብሎ ሲገባት ፊቷ ላይ ታየ።

«አድኑልኝ ስል?»

በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ።

«ድምፄን ባትሰማ ኖሮ ቆርጠህ ትጨርስ ነበር።»

«እጨርስ ነበር። እየጨረስኩ ነበር፤ በልጃችን እምላለሁ...»

«ልጄን አትጥራ!» አለች። ያን ቀን ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው በዚህ ብቻ ነው። ከዚያ ዲስኩን ወሰደችና፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ከትልልቆቹ ጋር፣ በከባድ ሥራ ሽቦው ላይ ሰካችው። ሳጥኑን ከደነች። እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«ብጮህ ያድኑታል ብዬ ነበር» አለች። «ዝም ማለት ነበረብኝ።»

ማታውኑ ልብሷን በአንድ ቦርሳ ይዛ ወደ ወንድሟ ሚስት ቤት ሄደች። በያጁ እስከ በሩ ተከትሏት፣ ቢያንስ ብስክሌቱን ውሰጂ አላት፤ መንገዱ ሩቅ ነው። ዞር ብላም አላየችው። በእግሯ ሄደች።

በማግስቱ እሁድ ነበር። ነጂዎቹ እንደ ወትሮው መጡ፣ ሄዱ፣ አቧራ ለብሰው ተመለሱ። አንዲት ሴት ጎማዋን ልታስሞላ ስትገባ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ሰማያዊ ብስክሌት አየችና ዓይኗ ቀረበት።

«ውይ ሲያምር! ባለቤቱ የለም እንዴ ዛሬ?»

«የለችም» አለ በያጁ።

«ይህንን የመሰለ መንገድ እደጃችሁ እያለ! እዚያ ውስጥ እኮ ሰው ጮኾ እንኳ የሚሰማው የለም፤ እንዴት ያለ ጸጥታ ነው!»

በያጁ ጎንበስ ብሎ ጎማዋን ሞላላት።